ዳኛ ያላየው ልጅ

ሃርትዌል፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1788

ለወንድሜ ለአሳሄል ዊንስሎ፣ ቦስተን

እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤህ ቅዳሜ ደረሰኝ። ስለ ጤናዬ ጠይቀሃል፤ ደኅና ነኝ። ስለ ላሟ ጠይቀሃል፤ እሷም ደኅና ናት። ዋናውን ጥያቄ ግን ወረቀቱ ሊያልቅብህ ሲል ከታች አጣበህ አስገባኸው፦ የልጄ የኦቤድ ሞት የተነገረኝ ዕለት እንዴት እንደነበር ጽፌ እንድልክልህ። ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ጉባኤ መጥቶ አልጋ የሚጋራህ ሰው «በማሳቹሴትስ እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም» ብሎ ተከራክሮህ ኖሯል።

ተደርጓል። እጄ ለመጻፍ ከባድ ነው፣ ቀለሙንም ብርዱ እያረጋው ነው፤ ግን እጽፋለሁ።

ጊዜው የአምና ማርች ነበር። የሜፕል ዛፍ ውሃ የሚወርድበት ሰሞን ስለሆነ ከጫካው ዳር ትልቁን ድስት ጥጄ ውሃውን ወደ ስኳር እያፈላሁ ነበር። ዚናስ ፔል በበረዶው ውስጥ እየተጎተተ ሲመጣ አየሁት። አንጥረኛው ዚናስ ከልጄ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ገመድ ታስሮ የተወሰደ ሰው ነው። እሱ ከተፈታ ኦቤድም ተፈቷል ብዬ ደስ አለኝ። ከሰውዬው ጀርባ አየሁ። ልጄ ቀልደኛ እንደነበር ታውቃለህ፤ ሊያስደነግጠኝ ዛፍ ኋላ የተደበቀ መሰለኝ።

«ያንን ረጅም ቂል የት ደበቅከው?» አልኩት። «ውጣ በለው። እናትህ አይታሃለች በለው።»

ዚናስ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምነው? ምላስህንም አሰሩት?»

«ወይዘሮ ኬዝያ፣ ድስቱን ያውርዱት» አለኝ።

«አሁን ከወረደ ይበላሻል።»

«ይበላሽ።»

ያኔ ገባኝ። ዚናስ ፔል ምግብ ይበላሽ የሚል ሰው አይደለም።

የሆነውን ከእንጨቱ ክምር ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። የእስር ቤት ትኩሳት ነው የገደለው። ሐኪም አልመጣም። ልጄ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ዳኛ ያየኛል?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ጠባቂውም «አንተ ክስ የለህ። ክስ የሌለውን ሰው ዳኛ ምን ብሎ ያየዋል?» እያለ ይስቅበት ነበር። የብርዱን ወራት እንዲህ ሲጠይቅ ከርሞ አንድ ጠዋት ሳይጠይቅ ቀረ። ዚናስን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ያ ዝምታ ነው።

እኔ ማማሰሉን አልተውኩም። ስኳሩ አላረረም። ሸጬው ግብሬን ከፈልኩበት፤ ልጄን ላሰረው መንግሥት። ይህንንም ለሰውዬህ ንገረው።

አንተ እንደምትዘለው ስለማውቅ አንድ ነገር ልጨምር። ኦቤድ በአንተ ጎተራ ድርቆሽ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ትንሽ ቢጓዝ ድንበር ተሻግሮ ቨርሞንት ይገባ ነበር፤ እዚያ ማንም አይነካውም። «ውጣና እጅህን ስጥ» ያልከው አንተ ነህ። «ምን አጠፋህ? ፍርድ ቤቱ የድሆችን መሬት ለአበዳሪዎች እንዳይሰጥ ከጎረቤቶችህ ጋር ደጃፉ ላይ ቆምክ እንጂ ድንጋይ እንኳ አልወረወርክም። የግዛታችን ሕገ መንግሥት ሰው ያለ ፍርድ አይታሰር ይላል። እኔ ራሴ እጄን አውጥቼ ያጸደቅኩት ነው» አልከው።

አልዋሸህም። ያንን ሕግ ከተማው በሙሉ በጸሎት ቤቱ ተሰብስቦ፣ አንቀጽ በአንቀጽ አንብቦ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ድምፅ ሰጥቶበታል። ጨረቃ እስክትወጣ የተከራከርንበት የራሳችን ነገር ስለሆነ አመንነው። ኦቤድም አመነህ። ድርቆሹን ከፀጉሩ አራግፎ፣ ሸሚዙን አስተካክሎ ወጣ። የግዛቱ ምክር ቤት ግን ያንን መብት በዚያው ሰሞን አግዶት ኖሯል። እኛ አልሰማንም።

እንግዲህ ከፊላደልፊያ ለመጣው ለአዲሱ፣ ለአሥራ ሦስቱም ግዛቶች ለሚሆነው ሕገ መንግሥት እሺ ወይም እምቢ እንድትል ሃርትዌል ልካሃለች። አፍህን ከመክፈትህ በፊት ጎተራህን አስብ።

እህትህ ኬዝያ ቶርን


ቦስተን፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1788

ለውድ እህቴ ለኬዝያ

ከሁሉ አስቀድሞ ይቅርታሽን። ካልሲው ደርሶኝ እንደሆነ በሌላ ሰው አስጠይቀሻል፤ ደርሶኛል፣ እግሬንም አሙቆታል። ሳላመሰግንሽ መቅረቴ ከስንፍና እንጂ ከሌላ አይደለም።

ደብዳቤሽን ለሚስተር ታርቦክስ አነበብኩለት። አልጋ የሚጋራኝ እሱ ነው፤ የባሕር ዳር ሰው፣ የመርከብ ገመድ ነጋዴ። ሌሊት ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ይወስድብኛል፣ ቀን ደግሞ በክርክር ያደርቀኛል።

«መብቱን ያገደው ምክር ቤቱ ነው» አለኝ። «ምክር ቤቱን ደግሞ እናንተው መረጣችሁ።»

«የልጁስ ሞት?» አልኩት።

«ትኩሳት ሕግ አያነብም።»

ቡጢዬን ጨብጬ ነበር፣ ኬዝያ። እሱም አየው። «ምታ» አለኝ፤ «ብትመታኝ ግን ሸሪፍ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ሸሪፉም ዳኛ ፊት ያቆምሃል። ደስ አይልም?» አለ። ራሱ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። ያን ሌሊት ብርድ ልብሱን አልወሰደብኝም።

የጎተራውን ነገር አላነበብኩለትም። እንደምዘለው አውቀሽ ነበር፤ ልክ ነሽ።

ሰዎቹ ይንቁኝ እንደሆነ ማወቅ ሳትፈልጊ አትቀሪም፤ አንዳንዱ ይንቃል። ከሦስት መቶ በላይ ሆነን አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታጭቀናል፤ ግማሹ እንደኔ የጭቃ ጫማ ያደረገ፣ ግማሹ ሰው ሠራሽ ፀጉር ነጭ ዱቄት ነስንሶ ያጠለቀ። አንድ ጠበቃ ትናንት «ወዳጃችን ገበሬው ይህ አንቀጽ ካልገባው በቀላል ቃል ላስረዳው» አለኝ። «ቃሉ ገብቶኛል፤ ያልገባኝ ለምን እንደጻፋችሁት ነው» አልኩት። ከኋላ ያሉት ገበሬዎች ወንበር ደበደቡ። ቢያንስ ያን ቀን ታኮሪብኝ ነበር።

የአዲሱን ሕግ ወረቀት መስመር በመስመር እያነበብን ነው። እስረኛን የሚመለከተው መስመር ጋ በሚቀጥለው ሳምንት እንደርሳለን። እናገራለሁ። ግን ልጠይቅሽ፦ ስሙን ማንሳት የግድ ነው? እዚህ ያለው ሰው ከአምናው የገበሬዎች ዓመፅ ጋር የተያያዘ ስም ሲሰማ ጆሮውን ይደፍናል። ስሙን ትቼ ነገሩን ብቻ ብናገር ይሻል ይመስለኛል። አስቢበት።

ወንድምሽ አሳሄል


ሃርትዌል፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 1788

አሳሄል

አስቢበት ትለኛለህ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ስሙን ማንሳት የግድ ነው። ስም ከሌለው ወሬ ነው የሚሆነው። «አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው» ብለህ ከጀመርክ ተረት ያወራህ ይመስላቸዋል።

ወረቀቱ እዚህ የተነበበ ዕለት ሴቶቹ ከላይ ከሰገነቱ ነበርን። ድምፅ አያሰጡንም እንጂ ጆሮ አለን። አንተ ነህ ያነበብከው። «እኛ ሕዝቡ» ብለህ ስትጀምር ጎረቤታችን ዶርካስ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ኬዝያ፣ ‹እኛ› ያለው አንቺንና እኔንም ይጨምራል?»

«ዝም ብለሽ ስሚ። ምናልባት መጨረሻው ላይ እንኖር ይሆናል» አልኳት፣ ሁለታችንም በሻርፓችን አፋችንን ይዘን ሳቅን። ባሮቹን «ሌሎች ሰዎች» ብሎ፣ አምስቱን እንደ ሦስት የሚቆጥረውን መስመር ስታነብ ማንም ቀና አላለም። እኔም ቀና አላልኩም። የምፈልገው የልጄን ነገር ብቻ ነበር።

ከዚያ ደረስክበት። የታሰረን ሰው ዳኛ ፊት አቅርቡ፣ ለምን እንደታሰረ ንገሩት የሚለው መብት አይታገድም አለ። የዶርካስን እጅ ያዝኩ። ከዚያ ቀጠለ፦ ዓመፅ ወይም ወረራ ኖሮ የሕዝቡ ደኅንነት ካላስገደደ በቀር።

ተነሳሁ። «ድገመው» አልኩ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ፤ በዚያ ቤት ሴት ስትናገር ሰምተው አያውቁም። አንተም ጣትህን ከመስመሩ ሥር አድርገህ ደገምከው።

ልጄ የሞተው በዚያ «በቀር» ውስጥ ነው፣ አሳሄል። ሰው ዳኛ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ሁሉ ሰላም ሆኖ ሸሪፉ ዓሣ ሲያጠምድ ነው? ዳኛ የሚያስፈልገው መንግሥት የተቆጣ ዕለት ነው። ያን ዕለት የሚያነሱት መብት በሌላው ቀን ለማን ይጠቅማል? የእኛ የግዛቱ ሕግ እንኳ እገዳው ከዓመት አይለፍ ይላል። ይህኛው ገደብ የሚባል ነገር አልጻፈም። እኔ የተማርኩት ማንበብና ስሜን መጻፍ ነው፤ ይህን ያየሁትን እነዚያ ሁሉ ጠበቆች አላዩትም? አይተውታል።

ለዚህ ነው ከተማው እጁን አውጥቶ እምቢ በል ብሎ ያዘዘህ። ተነስተህ «ይህን ቃል አውጡት፣ አይ ካላችሁ ገደብ አብጁለት» በል። ስሙን ጥራ። «ዓመፀኛ ነው» ካሉህ «ማን ፈረደበት?» በላቸው። መልስ የላቸውም።

የእኛው ቄስ ፔሪን አዲሱን ሕግ ይደግፉ እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ይደግፋሉ። ባለፈው እሑድ ስለ መታዘዝ ሰብከው ሲጨርሱ ዓይናቸውን እኔ ላይ አሳርፈው ነው «አሜን» ያሉት።

ኬዝያ


ቦስተን፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1788

ለውድ እህቴ

ቅዳሜ ዕለት ተናገርኩ።

በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ መድፍ ፊት ቆሜያለሁ፤ እንዲህ ግን አልፈራሁም። አንድ ሌላ ሰው ተነስቶ ለእገዳው ለምን ጊዜ አልተቆረጠለትም ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔም ከኋላው ተነሳሁ። ባለፈው ዓመት የሆነውን ተናገርኩ። እጁን በፈቃዱ የሰጠ፣ ክስ ያልቀረበበት፣ ጠዋት ጠዋት ዳኛ እንዲያየው የሚጠይቅ እስረኛ እንደነበር ነገርኳቸው። ከሰገነቱ አንድ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ።

ያው ጠበቃ ተነስቶ መለሰ። «ቤት ሲቃጠል በሩን ለመስበር ባለቤቱን አናስፈቅድም» አለ።

«ቤቱ መቃጠሉን የሚወስነው ማን ነው?» አልኩት።

«ምክር ቤቱ። ምክር ቤቱን እናንተ ትመርጣላችሁ፤ ካልወደዳችሁት ታወርዱታላችሁ።»

«የሞተውንስ ማን ያነሳዋል?»

ሰብሳቢው በመዶሻው ጠረጴዛውን መታ። ወደሚቀጥለው መስመር ታለፈ። ሰዎች በኋላ መጥተው እጄን ጨበጡ። ታርቦክስ ሳይቀር «ገበሬው፣ ዛሬ እንቅልፍ ነሳኸኝ» አለኝ።

ሌላም ነገር አለ። እዚህ ትልልቆቹ ሰዎች ሕጉን እንዳለ አጽድቀን፣ ይታረም የምንለውን ደግሞ ጽፈን አብረን እንላክ የሚል ሐሳብ ይዘው መጥተዋል። አጥብቄ አዳመጥኳቸው። ማዳመጥ ኃጢአት አይደለም። ይህ ሕግ ራሱን የሚያርምበት በር በውስጡ አለው፤ እንደዚያ ያለ ሕግ የጻፈ ሰው ልሳሳት እችላለሁ ብሎ አምኗል ማለት ነው። እንደ ንጉሥ አይደለም። አንድ ቀን በእርጋታ እናወራበታለን።

ትንሽ ሻይ ልኬልሻለሁ። ስለ ስሙ ደግሞ በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ፤ ሻማው አለቀብኝ።

አሳሄል


ሃርትዌል፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1788

አሳሄል

ሻይህ ደርሷል። አልከፈትኩትም።

ሻማህ ቶሎ አለቀ። ችግር የለም፣ የቀረውን እኔ ከሌላ ሰምቻለሁ። ከብት ወደ ቦስተን ነድቶ የሄደው ሰውዬ ቅዳሜ ከሰገነቱ ሆኖ ሲያዳምጥህ ነበር፤ ትናንት መሸታ ቤት ገብቶ ሲያወራ ዚናስ ሰማው።

«አሳሄል ጥሩ ተናገረ!» አለ አሉ ከብት ነጂው። «‹አንድ ያልታደለ ወጣት› ሲል እኔ ራሴ ዕንባዬ መጣ።»

«ስሙንስ?» አለው ዚናስ።

«የማንን ስም?»

«የወጣቱን ነዋ!»

«ስም አልጠራም።»

ዚናስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ ጫማ የመታሁላቸውን ፈረሶች ሁሉ በስም እጠራለሁ። አሳሄል የእህቱን ልጅ ስም ረሳ?» አለ። ቤቱ ሳቀ። ዚናስ አልሳቀም፤ ቀጥ ብሎ እኔ ዘንድ መጥቶ ነገረኝ፣ ሲነግረኝም ያፈረው እሱ ነበር።

«ያልታደለ» ነው ያልከው? ልጄን ዕድል አይደለም ያሰረው። ፈረስ ጥሎት አልሞተም፣ ወንዝ አልወሰደውም። ስም ያላቸው ሰዎች የእገዳውን ሕግ ፈረሙ፣ ስም ያላቸው ሰዎች ገመድ ይዘው መጡ። የሁሉም ስም በሕይወት አለ። የኦቤድ ስም ብቻ ነው አፍህ ላይ የከበደው። እኔ ምጥ ይዞኝ፣ አባቱ ደጅ በዝናብ እየተመላለሰ ያወጣንለትን ስም አንተ ለጠበቆች ስትል ዋጥከው።

አዎ፣ ማዳመጥ ኃጢአት አይደለም። እኔም አዳምጬሃለሁ፤ ጎተራህ ደጃፍ ቆሜ «ሕጋችን ጥሩ ነው፣ የጎደለው ነገር ደግሞ ይስተካከላል» ስትለው አዳምጫለሁ። ከሞተ በኋላ ምን ተስተካከለ? በር አለው ትለኛለህ። የኦቤድም ክፍል በር ነበረው።

አሁን የምልህን ደግመህ አንብበው። ስምህ ሲጠራ ሃርትዌል ያዘዘችህን ትላለህ፦ እምቢ። ያን «በቀር» እንዳለ ትተኸው እሺ ካልክ፣ ልጄን ለሁለተኛ ጊዜ አሳልፈህ ሰጠኸው ማለት ነው። መጀመሪያ ጊዜ አላወቅህም ነበር፤ እኔም ስለዚያ አንድ ክፉ ቃል ተናግሬህ አላውቅም። አሁን ግን ታውቃለህ።

መልስ አትጻፍልኝ። ድምፅህን ስጥና ያኔ ጻፍ።

ኬዝያ


ቦስተን፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1788

ኬዝያ

ትናንት ተጠናቀቀ። ወሬው ከደብዳቤዬ ቀድሞ ሳይደርስሽ አይቀርም፤ ከእኔ መስማት ይገባሻል ብዬ ነው የምጽፈው።

እሺ አልኩ።

በአሥራ ዘጠኝ ሰው ብልጫ አለፈ። እንዲታረሙ ብለን ከጻፍናቸው ዘጠኝ ነገሮች ውስጥ ለእገዳው ገደብ ይበጅለት የሚለው የእኛ ጥያቄ የለበትም። እስከ መጨረሻው ቀን ለመንኩ። «ዘጠኝ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ከጠየቅን ሁሉንም ይጥሉታል» አሉኝ።

ገንዘብ ሰጥተውኝ ወይም አሞኝተውኝ እንዳይመስልሽ። ይህ ሕግ ከወደቀ አሥራ ሦስቱ ግዛቶች እርስ በርስ ይባላሉ፤ ያኔ ዓመፁ አይቆምም፣ እገዳውም አይነሳም፣ የብዙ እናቶች ልጆች ያልቃሉ ብዬ ፈራሁ። የግዛታችን ሕግ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይነካም ተብሎ ተዘግቶ ነበር። ይህኛውን ዛሬ ተቀብለን ነገ ልናርመው እንችላለን። እውነት ነው ብዬ አምኛለሁ። አንቺ ፊት ቆሜ ግን እንዲህ ጥሩ አድርጌ እንደማልናገረው አውቃለሁ።

ስለ ስሙ። አፌ ላይ ነበር። ስሙን ከጠራሁት «ማን ነው እጅህን ስጥ ያለው?» ብለው የሚጠይቁኝ መሰለኝ። እስከዚያ ድረስ ነው ድፍረቴ።

ሲያልቅ እምቢ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ እየተነሱ «ተሸንፈናል፣ ግን እናከብረዋለን» አሉ። ያን ስሰማ ነው ያለቀስኩት። ውጭ ደወሉ ሁሉ ይደወላል፣ ሰዉ ይጨፍራል። ታርቦክስ አቀፈኝ፤ ገፋሁት።

ነገ እነሳለሁ። ብሩክፊልድ ካለው ማደሪያ አላልፍም፤ መልስሽን እዚያ እጠብቃለሁ። ደጅሽን ልርገጥ? ከተማውስ ምን ይለኛል?

አሳሄል


ሃርትዌል፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1788

አሳሄል

ከተማው ምን ይለኛል ላልከው መጀመሪያ ልመልስ፣ እሱ ይቀላል።

ማክሰኞ ማታ ወንዶቹ ዚናስ ብረት መቀጥቀጫ ቤት ተሰበሰቡ። ወፍራም ግንድ አምጥተዋል። አንተን እግርህን አንፈራጠው እዚያ ላይ አስቀምጠው፣ ሬንጅ ቀብተው፣ ከተማውን ሊያዞሩህ ነው። ዶርካስ ነገረችኝና ሻርፔን ደርቤ ሄድኩ።

«ወይዘሮ ኬዝያ፣ መጡ? ይግቡ! ቀቢዋ እርስዎ ነዎት» አለኝ አንዱ። ሬንጁ እሳቱ ዳር ይፈላል። እውነቱን ልንገርህ፣ ብሩሹን አንስቼ ያዝኩት። ደስ አለኝ። ጠረኑ ሳይቀር ደስ አለኝ።

ከዚያ «መቼ ነው የሚናገረው?» አልኳቸው።

«ማን?»

«አሳሄል። ከመቀባቱ በፊት ነው ከተቀባ በኋላ?»

«ከሃዲ ምን ይናገራል? ያደረገውን እናውቃለን» አለ ዚናስ።

«ስለ ኦቤድም እንደዚያ ነበር ያሉት» አልኩት።

ብሩሹን ሬንጁ ውስጥ መልሼ ጣልኩት። ላንተ አዝኜ አይደለም። እንዲህ ተቆጥቼ በሕይወቴ አላውቅም። ግን እንዲህ በተቆጣሁበት ቀን አንተን ያለ ፍርድ ካስቀጣሁ፣ እኔም የራሴን «በቀር» ጻፍኩ ማለት ነው። ያን ደስታ ልጄን ላሰሩት ሰዎች አልሰጣቸውም።

ወንዶቹም ተስማምተው የተወሰነው ይህ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ የከተማው ስብሰባ አለ። በጸሎት ቤቱ፣ በሁሉም ፊት ትቆማለህ። የታዘዝከውን ለምን እንዳልፈጸምክ ትጠየቃለህ። የከሰሱህን ፊት ለፊት ታያቸዋለህ፣ ማንም ሳያቋርጥህ መልስህን ትሰጣለህ፣ ከዚያ ጎረቤቶችህ እጃቸውን አውጥተው ይፈርዳሉ። ዚናስ ራሱ ማንም እንዳይነካህ መንገድ ላይ ይቀበልሃል። ኦቤድ የለመነውን አንተ ሳትለምን አግኝተሃል። እኔ ከሰገነቱ እሆናለሁ፤ የጎተራውን ነገር ከዘለልክ እንደ ዱሮው ተነስቼ «ድገመው» እላለሁ።

በምትለው ሁሉ ተሳስተሃል አልልም። ሕጉ ጥሩ ሊሆን ይችላል። የልጅ ልጆችህ ሊያመሰግኑህ ይችላሉ። እኔ የልጅ ልጅ የለኝም።

ደጅሽን ልርገጥ ላልከው፣ ከፍርዱ በፊት አትምጣብኝ። ከዚያም በፊት የማዝህ አንድ ነገር አለ። ብሩክፊልድ አጠገብ ጋዜጣ የሚያትም ሰው አለ ይባላል። ደብዳቤዎቻችንን፣ የእኔንም የአንተንም፣ አንድ መስመር ሳታወጣ ስጠው። የአንተን ወደዚህ የላክሃቸውን ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። ስማችንን አይሸፍን። ሰዎች ጋዜጣ ላይ የሮማ ሰው ስም እየለጠፉ ይጻጻፋሉ አሉ፤ እኔ ኬዝያ ቶርን ነኝ።

ለምን እንደማሳትመው ልንገርህ። እሑድ ዕለት ለቄስ ፔሪን ወረቀት ሰጠኋቸው። ሐዘን ያገኘው ሰው በሰባኪው እጅ ወረቀት እንደሚያስነብብ፣ ጉባኤውም እንደሚጸልይለት ታውቃለህ። አምና ሐዘኑ እጄን አስሮት አልጻፍኩም ነበር። «መበለት ኬዝያ ቶርን፣ ልጇ ኦቤድ ያለ ፍርድ ታስሮ ስለሞተባት፣ ጸሎታችሁን ትለምናለች» ብዬ ጻፍኩ። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«‹ያለ ፍርድ› የሚለውን ላውጣውና ላንብበው፣ ልጄ» አሉኝ።

«እሱ ከወጣ ልጄ እንዴት እንደሞተ አይታወቅም፣ አባቴ።»

«አሁን የሰላም ጊዜ ነው፣ ኬዝያ። ሕጉ ጸድቋል። ቁስል አንነካካ።»

«ቁስሉ የማን ነው?» አልኳቸውና ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። ሳይነበብ ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ላንተ አይደለም፣ አሳሄል። ለሚያነቡት ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አላውቃችሁም። ሕጉን የወደዳችሁትም ትኖራላችሁ፣ የጠላችሁትም። በዚያ ላይ አልከራከራችሁም፤ ለመከራከር ሌላ ቀን አላችሁ። ልጄ ኦቤድ ቶርን ይባላል። ፀጉሩ ቀይ ነበር፣ ፉጨት ይወድ ነበር፣ አጥር ሲሠራ ቀጥ አያደርገውም ነበር። ዳኛ ሳያየው ሞተ። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሕይወት ለቀረው እንጂ ለሞተው አይጸለይም ይላል። አውቃለሁ። ለሕጋቸው አንድ «በቀር» ካገኙለት፣ እናንተም ለእኔ ስትሉ ለሥርዓቱ አንድ ፈልጉለት። ዛሬ ማታ ስትንበረከኩ ለልጄ ጸልዩለት። «ያ ያልታደለ ወጣት» አትበሉ። ኦቤድ ብላችሁ በስሙ ጸልዩለት።